ከበሮ አጣን እንዴ?

እግሬ ቤት መቀመጥ አይወድም። ዛሬ ሆሳዕና ከልጄ ቤት ካደርኩ ነገ አንጋጫ እህቴ ጓሮ ነኝ፤ ከዚያ ደግሞ ሙዱላ ገበያ ላይ ያየኝ ሰው አለ ይባላል። መናኸሪያ ያሉት ረዳቶች እንደ ሌላው መንገደኛ የቦታ ስም እየጠሩ አይጎትቱኝም። «እማማ፣ ዛሬስ ወዴት?» ብለው ዝም ይላሉ፤ እኔ እስክነግራቸው። ወንድ ልጄ በዚህ ይቆጣል። «እማዬ፣ ሰው እኮ ልጇ አባሯት ነው ይላል» ይለኛል። «ሰው የጀመረውን ሰው ይጨርሰው» እለዋለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከትከሻቸው በላይ እያየሁ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌም እንደ አካሄዴ ነው፣ በየመንገዱ ሰላምታ ያበዛል። ታገሡኝ።

የምጽፈው ስለ ልጅ ልጄ ከበሮ ነው።

ልጅቱ የዚሁ የወንድ ልጄ ልጅ ናት። አካውንቲንግ ተምራ ጨርሳለች፤ ሥራ እስክታገኝ በአባቷ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሚስማርና ቀለም ትሸጣለች። ከሱቅ ስትመለስ ኮምፒውተሯን ትከፍትና ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና ሙዚቃ ትሠራለች። ዘፋኝ የለበት፣ ክራር የለበት፤ ሁሉንም ከዚያች ኮምፒውተር ነው የምታወጣው። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኗን ጨፍና ራሷን ስትነቀንቅ አይቼ ጸሎት ላይ ናት ብዬ ቀስ ብዬ በሩን ዘግቼላት ወጥቻለሁ።

አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ኢንተርኔት ላይ የለቀቀችው ሥራዋ ተነሥቷል።

«ማን አነሣው?»

«ከበሮው የሰው ነው ተባለ፣ አያቴ።»

«የሰው ከበሮ አንቺ ዘንድ ምን ሊሠራ መጣ?»

ሣቅ አላት፤ ግን አልሣቀችም። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። ድሮ በተቀዱ ዘፈኖች ውስጥ ዘፋኙም ኦርጋኑም ዝም ብለው ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ። ብሬክ ይሉታል። እሱን ቆርጠሽ ትወስጂና እየደጋገምሽ በላዩ ላይ የራስሽን ትሠሪያለሽ።»

«እንግዲያው በሰው መሠረት ላይ ጎጆ ቀልሰሻል በይኛ።»

ይህን ማለቴን አባቷ ሰማ። መጥፎ ሰው አይደለም ልጄ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ የሱቁን ሜትር ሲዘረጋ እንኳ ለገዢው ጣት ያህል ጨምሮ ነው የሚቆርጠው። ሰረቀ ከሚባል ቤቱ ቢቃጠል ይሻለዋል። በሩ ላይ እንደቆመ፣ «ይሄ ሌብነት ነው» አለ። «ሙዚቃውንስ ልጅነት ነው ብዬ ችዬው ነበር። የሰው ንብረት ግን እኔ ቤት አይገባም። አናጢው የሱቁን ጠረጴዛ ሲጨርስ ኮምፒውተሩ እዚያ ይሄዳል። ደረሰኝ ይሠራበታል።»

ልጅቱ ሽቦዎቿን መጠቅለል ጀመረች። በእርጋታ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያጠማዘዘች፣ የሞተ ሰው ልብስ እንደምታጣጥፍ። አናደደኝ፤ አባቷ ሳይሆን ያ እርጋታዋ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ተናግሮኝ በእርጋታ የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

«ቆይ! ተይ፣ አትጠቅልዪ!» አልኩ። «ከበሮ አጣን እንዴ? ይሄ አገር ከበሮ ከውጭ ማስመጣት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? እጅ የለንም? ቅል የለንም? እንጨት የለንም? ራሳችን እንሠራለን!»

ልጄ አየኝ። እናቱን መስደብ አይችልም፤ አምላኩም አይፈቅድለትም። «ይሁን» አለ። «ጠረጴዛው እስኪያልቅ ሁሉም ድምፅ የራሷ የሆነ ሥራ ካሰማችኝ እኔ ምን አገባኝ። ግን አንዲት የሰው ድምፅ ብሰማበት ኮምፒውተሩ ያን ቀን ሱቅ ይሄዳል።»

አናጢ ቶሎ ጨርሶ አያውቅም ብዬ ተጽናናሁ።

በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ጀመርን። ባዶ ጀሪካን ደረደርኩ፤ ትንሽ፣ ትልቅ፣ አንገቱ የተሰነጠቀ። ልጅቱ ስልኳን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። በሠርግ እንደምንመታው በመዳፌ ጀመርኩ፤ ትልቁ «ዱም» ይላል፣ የተሰነጠቀው «ጫ» ይላል። ደስ ብሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ስመታ የግቢው በር ተበረገደ። የጎረቤት ሴቶች ጀሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው፣ አንዷ ፀጉሯን ግማሹን ሠርታ ግማሹን ትታ፣ እየሮጡ ገቡ።

«ውሃ መጣ እንዴ?»

ሰፈራችን ውስጥ ጀሪካን ከተንጫጫ ውሃ መጥቷል ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«አልመጣም፤ ከበሮ እየቀዳን ነው» አልኳቸው።

«ከበሮ?» አለች ፀጉሯን ያልጨረሰችው። «እማማ፣ ስንት ቀን ቧንቧችን ደርቆ በጀሪካን ትጫወቺያለሽ? ጀሪካን ይቀለድበታል?»

ልጅቱ በኋላ ስታዳምጠው ከምቱ ይልቅ «ውሃ መጣ እንዴ» የሚለው ጎልቶ ይሰማል። ወሬውም ከዚያ ወጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እህት ክንዴን ይዛ፣ «የሽማግሌ እናት ሆነሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ ለዓለማዊ ዘፈን ከበሮ ትመቺያለሽ አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ፤ ያዘነች መስላ።

«እውነት ነው» አልኳት። «መምታት ከፈለግሽም ቦታ አለ።»

ክንዴን ለቀቀች።

ታዲያ ልጅቱን፣ «ከዚህ ከተማ እንውጣ» አልኳት። አንጋጫ ታናሽ እህቴ እንሰት ልታስፍቅ ሴቶች ጠርታ ነበር። ፍቂያን የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ሳንቃ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ሴቷ ቅጠል ላይ ትቀመጥና አንድ እግሯን ሽቅብ ሰቅላ የእንሰቱን ስንጣቂ በተረከዟ ሳንቃው ላይ ትረግጠዋለች፤ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። «ሽርርርፕ» ይላል። ውሃው ወደ ጉድጓዱ ይንጠባጠባል። ወዲያ ማዶ ሌላዋ ሥሩን ጥርስ ባለው እንጨት ትወቅጣለች፤ «ዱቅ፣ ዱቅ።» ሴቶቹ ሲበዙ እጆቹ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። አንዷ ስትስብ ሌላዋ ትመልሳለች፣ ወቃጯ መሃል ትገባለች። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ድምፅ ውስጥ ኖሬ ከበሮ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከሚኒባሱ ወርደን ከሩቅ ስንሰማው ግን ልጅቱ መንገድ ላይ ቀጥ አለች።

«አያቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፍቂያ ነዋ።»

«እናንተ ይሄን ይዛችሁ ነው እኔን የጀሪካን ድምፅ ያስቀዳሽኝ?»

ስልኳን ካልሲ አለበሰችው፤ ነፋስ እንዳይገባበት ነው አሉ። ካልሲ የለበሰ ስልክ በእንሰት ቅጠል ዘንግ ላይ ታስሮ ሲንጠለጠል እህቴ አየችና፣ «ብርድ ይዞት ነው?» አለች። ሴቶቹ እስኪደክማቸው ሣቁ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ፤ ጣጣውም አብሮ ተጀመረ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። የእህቴ ጓሮ ደግሞ የገበያውን መንገድ የሚያዋስን አጥር አለው። በእኛ አገር ሥራ ላይ ያለን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ የለም። የሚያልፈው ሁሉ «ያበርታችሁ!» ይላል፤ የሚሠራውም «አሜን፣ አብሮ ያበርታን!» ብሎ ይመልሳል። በቋንቋችን ነው የምንለው፤ አማርኛው ይሄ ነው። ሽንኩርት የተሸከመ ያልፋል፤ ያበርታችሁ። በግ የሚጎትት ያልፋል፤ ያበርታችሁ። የመስጊዱ ሰዎች ያልፋሉ፣ የእኛዎቹ ያልፋሉ፤ ሁሉም ያበርታችሁ። እኛም አሜን፣ አሜን፣ አሜን። ልጅቱ የምትፈልገው ሴቶቹ ብቻቸውን ጥቂት ጊዜ እንዲፍቁ ነው፤ ምቱ መስመር ሲይዝ ሰው ይደርሳል።

«በናታችሁ፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ አትመልሱላቸው» አለች እጇን አጣምራ።

እህቴ ቀርከሃውን ወደ ላይ አነሣች። «አልመልስ? ሰው መርቆኝ ዝም ልበል? ገበያ ሳይደርስ ሞተዋል ብሎ ያስወራል!»

«ቢያንስ ድምፅሽን ዝቅ...»

«የሹክሹክታ አሜን አለ እንዴ? ልጄ፣ ሆሳዕና ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ልጅቱ አጥሩ ሥር ቁጢጥ አለች። ዓይኗ ሞላ። እኔም ቀርከሃ ተቀብዬ ገባሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ፣ እግሬን ሰቅዬ መፋቅ ነው የማውቀው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ገበያተኛው ሳሳ። መንገዱ ጭር አለ። እጃችን አንድ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሰዓት በቃል መንገር አልችልም፤ ሳንቃው ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ልጅቱ ቀና ብላ ስልኳን ነካችና አንገቷን ነቀነቀችልኝ፤ እየተቀዳ ነው ማለቷ ነው።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ ሞተር ሳይክል ቆሞ አንድ ሰው ወረደ። በቅጠሉ ቀዳዳ አየሁት። ልጄ ነው።

አናጢው ጠረጴዛውን ጨርሶለታል። በሕይወቴ አንድ አናጢ በቀኑ ሲጨርስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልጅቱን ሊወስዳት፣ ይሄ ነገር በቃ ሊል ነው የመጣው። ፊቱ ያስታውቃል።

ግን ፍቂያ ወንድ የሚጠጋው ቦታ አይደለም። ሴቶቹ እግራቸውን ሰቅለው ተቀምጠዋል፤ ወንድ ልጅ ገብቶ አያይም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ማዶ ቆመ። መጣራት ይፈልጋል። ሆኖም ከመጥራቱ በፊት አንድ ነገር አለበት፤ ሥራ ላይ ያለን ሰው ሳይመርቁ ሌላ ቃል አይጀመርም። እሱ ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ጉሮሮውን ጠረገ። ንዴቱ እንዳለ ሆኖ፣ ጥርሱን ነክሶ ማለት ይቻላል፣

«ያበርታችሁ!» አለ።

«አሜን! አብሮ ያበርታን!» አልን ሁላችንም ባንድ ድምፅ፤ እጃችን አልቆመም።

«ልጄ አለች? ትውጣልኝ!»

እህቴ አጥሩን እያየች መለሰች፤ «ከፍቂያ ላይ ሴት አይጠራም! ወደ ቤት ግባና ምሳህን ብላ፤ ስንጨርስ ትመጣለች!» ምን ያድርግ፣ ገብቶ በላ።

ሆሳዕና ስንመለስ ጠረጴዛው ሰኞ ሱቅ ይገባል ተባለ። ልጅቱ ማዳመጫዋን ደፍታ ተቀመጠች። ብዙውን የተቀዳ ጣለችው፤ ከመጨረሻው ጥቂት ወሰደች፣ እሱን እየደጋገመች አስኬደችው። አንድ ጊዜ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ሽርርርፕ፣ ዱቅ፣ ጠብ ጠብ። እህቴን በፍቂያዋ ለየኋት። ራሴንም ለየሁ፤ ትንሽ እዘገያለሁ። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ዝም ይልና በባዶው ውስጥ የልጄ ድምፅ ብቻውን ይመጣል፤ «ያበርታችሁ!» ወዲያው አሜኑ ይፈነዳል፣ ፍቂያው ተመልሶ ይገባል። ፀጉሬ ቆመ።

«ይሄን ድምፅ ቆርጬ ላወጣው ነው» አለች። «እናንተን እያወቃችሁ ነው የቀዳኋችሁ፤ የእሱ ድምፅ ግን የራሴ አይደለም። አንዲት የሰው ድምፅ ብሰማ አላለም? ካወቀ አለቀልኝ።»

«ያንቺ ሥራ ነው» አልኳት። ሌላ ነገር ለማለት ምላሴ በላኝ፤ ዋጥኩት።

አወጣችው። አብረን ሰማነው። ዝምታው ይመጣል፣ ከዚያ አሜኑ ይፈነዳል። ለማን ነው አሜን የምንለው? ማንም ሳይመርቅ እንደ እብድ አሜን እንላለን። ልጅቱ ደግማ ሰማችው፣ ከንፈሯን ነከሰች። አሜኑንም አወጣች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምቱ መሬት የሌለው ሆነ። ሁለቱንም መለሰቻቸው። «ይምጣ የሚመጣው» አለች። ከዚያች ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ድምፁን የሚያጠራላት ስቱዲዮ መናኸሪያው አጠገብ አለ፤ ከምግብ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ። ወጣቱ ባለስቱዲዮ ሰምቶ ራሱን አከከ።

«ምቱ ይንገዳገዳል። ልጎትተውና እኩል ላድርገው፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።»

«አትጫን» አልኩት።

«እማማ፣ ሰው ሲጨፍርበት እግሩ ይጠፋዋል እኮ።»

«ይጥፋው! ተሰንጥቆ የሚፋቅ እንሰት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወደ ሥሩ ሲጠነክር እጅ ይዘገያል። ያቺ የምትዘገየዋ እኔ ነኝ። እኔን ልታስተካክል ነው? እናቴም አልቻለችም።»

ሣቀ። ልጅቱን አያት፤ እሷ «እንዳለ ይሁን» አለች። «እሺ፣ የናንተ ነው፤ ሰው ከሣቀባችሁ እኔ የለሁበትም» አለና ሌላውን ሌላውን አጠራላት። እስከ ዛሬም ይንገዳገዳል ባይ ነው። መብቱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ሱቅ ገባ። ልጄ ኮምፒውተሩን ሊወስድ ወደ ቤት መጣ። ልጅቱ፣ «መጀመሪያ ስማው» አለችው። እጁን አጣምሮ ቆመ። ስሜት የሌለው መስሎ ሰማ፤ ፍቂያውን ሲያውቀው ግን ቅንድቡ ተነሣ፤ ያደገበት ድምፅ ነው። ከዚያ ዝምታው መጣ፤ ከዝምታው ውስጥ ራሱ መጣ።

እጁ ከደረቱ ወረደ።

«ይሄ የእኔ ድምፅ ነው።»

«ነው» አለች ልጅቱ።

«የሰው ድምፅ አይግባ ብዬ ነበር። ሁሉም የራስሽ ይሁን አላልኩም?»

ልጅቱ ሽቦዋን ስትነካ አየሁ። ተነሣሁ።

«ለማን ነበር ያልከው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ያበርታችሁ ያልከው። ለማን ነበር?»

«ለእናንተ ነዋ።»

«ለእኛ። ሰጠኸን፤ አሜን ብለን ተቀበልን። በጆሮህ ሰምተሃል፣ አሁንም እየሰማህ ነው። አንተ ሽማግሌ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፣ ተሰጥቶ አሜን የተባለበት ምርቃት በየትኛው ሕግ ነው የሰጪው ሆኖ የሚቀረው?»

ልጄ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲረታ ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ መስኮት ነው የሚዞረው።

«ተቆጥቼ ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ።

«ተቆጥተህም መረቅከን። ሳትመርቅ ማለፍ ትችል ነበር።»

«አልችልም ነበር።»

«እንግዲያው!»

ባዶ እጁን ወደ ሱቁ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ደረሰኝ አሁንም በእጅ ነው የሚጻፈው።

ሥራው እንደገና ተለቀቀ። እስካሁን ከበሮው የኔ ነው ብሎ የመጣ የለም። ካለ ይምጣ፤ እግሩን ሰቅሎ ይፋቅና እንየው! ያቺ ክንዴን የያዘችኝ እህትም፣ ሽማግሌው ራሱ አለበት ሲሏት አላመነችም አሉ። ሄዳ ትስማ።

ባለፈው ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሳይ ልጅቱ በትንሿ ድምፅ ማጉያ ከፍታው ነበር። አንድ ገበሬ ቆርቆሮ እየመረጠ ነው፤ አጎንብሶ ጫፉን በጣቱ ይዳስሳል። «ያበርታችሁ!» ሲል ማጉያው፣ ገበሬው ቀና እንኳ ሳይል «አሜን፣ አብሮ ያበርታን!» ብሎ ቆርቆሮውን ገለበጠው። ልጄ ከጠረጴዛው ኋላ አየው። እኔንም አየኝ። ገበሬው ከፍሎ እስኪወጣ ጠበቀና ወደ ደጃፉ መጥቶ ዝቅ አለ።

«እማዬ፣ እንደገና ብቀዳው አይሻልም? ድምፄ ጎርነን ብሏል፤ የተጣላ ሰው ይመስላል።»

«አይሆንም» አልኩት። «በንዴትህ ነው የመረቅከን፤ እንደ ንዴትህ ይቀመጣል።»